የወጋየሁ ኮርኒስ

ድመት ጉንፋን ይይዛታል እንዴ? ይህስ ማን ይጠየቃል? ዕድሜ ልኬን ቤቴ ድመት አላጣሁም። ስትወልድ አይቻለሁ፤ የጎረቤት ሥጋ ሰርቃ ስትደበደብ አይቻለሁ፤ ስታስነጥስ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በ1975 ዓ.ም. ኅዳር እንደገባ የእኛዋ ግራጫ ድመት አይጥ ፍለጋ ከወጣችበት ኮርኒስ በጓዳው በኩል እየወረደች፣ አፍንጫዋን በእግሯ እያሸች፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ በላይ በላዩ ታስነጥስ ጀመር። አንድ ጠዋት ዘጠኝ ጊዜ አስነጠሰች። ሳንባ ይሆን? ወደ ሰው ይተላለፍ ይሆን? ኤሌኒ ደግሞ እግሯ ሥር ነው የምታስተኛት። እንቅልፍ አጣሁ።

«ከኮርኒሱ ነው» አልኩ።

«ከኮርኒሱ አይደለም» አለ ወጋየሁ፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ።

ወጋየሁ የልጄ የተናኘ ባል ነው። ሃያ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ በዚህችው መካኒሳ ባለች የጭቃ ቤት። ቤቷን ያሠራት ሟቹ ባለቤቴ ነው፤ ለደንቡ ያህል ግን አባወራው ወጋየሁ ነው። የመንግሥት መጋዘን ጸሐፊ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፉ መሆንም ወጪ አለው፤ ወጋየሁ ደግሞ ወጪ አይወድም። የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት ይሰነጥቃል። ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አስጥቶ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ከዚያ ሬዲዮኑ ሦስት ደቂቃ አጉረምርሞ ሲሞት «አያችሁ፣ ሠራ!» ይላል። አንድ ዓመት ለተናኘ ከመኪና ጎማ ጫማ ሠራላት፤ ሚስማሩ ወደ ውስጥ ወጥቶ እስከ ፋሲካ አነከሰች። እሷም እንደ እሱ ናት እንዳልል አይደለችም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የምታውቀው።

ይህ ሁሉ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ እየናቅሁትም ቢሆን ለምጄዋለሁ። ኮርኒሱ ግን የኤሌኒ ጉዳይ ነበር።

ኤሌኒ የልጅ ልጄ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ፈየራ የሚባል ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ለቡ ካሉት ነባር ገበሬዎች ልጅ ነው፤ ተምሮ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ሆኗል። አባቱ ስለሞቱ የሚቆሙለት አጎቱ አቶ ዲንሳ ናቸው። ልጁ ባሌ ተመድቦ በኅዳር መጨረሻ ሂድ የሚል ደብዳቤ ደርሶታል፤ ከመሄዱ በፊት ቀለበት ማሰር ይፈልጋል። አለዚያ እናቱ ወይዘሮ ገዲሴ ብቻህን አትሄድም፣ ሚስት እኔ አውቅልሃለሁ ማለት ጀምረዋል። እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ልጅ፣ ሲገባ ጫማውን ጠርጎ የሚገባ፣ ዳግመኛ ከየት ይመጣል?

ሽማግሌዎቹ ጥቅምት ላይ አንድ ጊዜ መጥተዋል። በደንቡ ቆመው ጠየቁ፤ በደንቡ ለሌላ ቀን ተቀጠሩ። እዚህ ድረስ ምንም አልነበረም። ከመሄዳቸው በፊት ግን ወጋየሁ፣ ያ የመጋዘን ጸሐፊ፣ መንግሥት የሰጠውን ማኅተም ይዞ የተወለደ ይመስል ጉሮሮውን ጠረገና «የልጁ እናት ወገን ሸክላ ሠሪ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?» አላቸው።

ምን ማለቱ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሸክላ ሠሪ ሲባል ቡዳ ማለት ነው፤ እንዲህ እንዳይባል በአዋጅ የተከለከለበት ዘመን ነው እንኳ፤ እሱም ራሱ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት የሚያጨበጭብ ነው። አቶ ዲንሳ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ፤ «የኅዳር ሚካኤል እሑድ ላይ ይውላል። ያን ቀን እንመጣለን» ብለው ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እነሱ ከወጡ በኋላ ወጋየሁን ያሳሰበው የተናገረው ነገር አልነበረም። ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ባለቤቴ ያስወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ ጠቁሮ፣ ተቀዶ፣ በቀዳዳው ቆርቆሮው ይታያል።

«በዚህ ኮርኒስ ሥር ልጅ አይዳርም» አለ።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ለአንድ ቀን ያህል ደስ አለኝ። ከጎፋ ኮርኒስ ሠሪ አስመጣ። ሰውዬው ክፍሉን በሲባጎ ለካ። ወጋየሁ አጠገብ አጠገቡ እየሄደ «ከየትኛው ማዕዘን ትጀምራለህ? ሙጫውን ስንት ጊዜ ትቀባዋለህ? ኖራው መቼ ነው የሚገባው?» እያለ ሁሉን አስለፈለፈው። ሰውዬው ሥራ ያገኘ መስሎት በደስታ አስረዳ። ዋጋውን ሲናገር ግን ወጋየሁ ፈገግ ብሎ «እናስብበታለን» አለው፤ አንድ ብርጭቆ ጠላ አጠጥቶ ሸኘው። በሩ እንደተዘጋ እጁን አፋተገ።

«ራስን መቻል ነው ዋናው፤ ሬዲዮኑም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ባትሪህ የቱን ዜና አሰማህና ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ኮርኒስ ማለት እኮ ጨርቅ ሚስማር ላይ መወጠር ነው። ምን ጥበብ አለው?»

በማግስቱ ሰዒድ ከሚባል ጆንያ ነጋዴ አሥራ አራት አሮጌ ጆንያ በሸክም አስመጣ። ሸክሙ በደጃፉ ሲገባ ገና አፍንጫዬ ነገረኝ። እኔ ወፍጮ ቤት ደጃፍ በርበሬ ሸጬ ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ የማረቆ በርበሬ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።

«ይህ የበርበሬ ጆንያ ነው።»

«ነበረ» አለ ወጋየሁ። «አሁን ባዶ ነው። ስለሆነም ነው የቀነሰልኝ።»

«ካልታጠበ እንዴት ቤት ውስጥ ይሰቀላል?»

«በየትኛው ሳሙና? የወሩን የቀበሌ ሳሙና ለጆንያ ላውለው? ውኃውስ ከቦኖ በነፃ ነው የሚቀዳው? እትዬ ደግሞ! ሙጫው ይሸፍነዋል፤ ኖራው ያሽገዋል።»

ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ አላጋቸው፤ መታጠብ ማለት ይህ ሆነ። ጎረቤታችን ሐሚዳ ከአጥሩ ማዶ «ኧረ ምን ጉድ ነው!» እያለች ልብሷን ከገመድ ሰበሰበች። ከዚያ በጆንያ መርፌ እርስ በርስ ሰፋቸው። ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ነው። ተናኘ «ልርዳህ?» ብትለው «የሴት ስፌት አይጠብቅም» አላት፤ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋችውን ሴት።

ቅዳሜ ወጠረው። እሱ መሰላል ላይ፣ ኤሌኒና ተናኘ ከታች ጫፍ ይዘው፣ እኔ «አንገትህን ትሰበራለህ፣ ውረድ» እያልኩ። ቀጥሎ ሙጫው መጣ። ሙጫ የተባለው የወሩ የራሽን የፉርኖ ዱቄት ነው፤ ሦስቱንም ኪሎ በበርሜል አፍልቶ እንደ ገንፎ አደረገው። «ለኮርኒስ ገንፎ፣ ለሰው ቆሎ» አልኩ፤ በእርግጥም ያን ወር ቆሎ ነው የበላነው። በመጥረጊያ እየነከረ ቀባው። ጆንያው ያን ሁሉ ሲጠጣ ከበደ። መሐሉ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወረደ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆድ አከለ።

«ወጋየሁ፣ ወረደብህ።»

«ሲደርቅ ይወጠራል።»

አልተወጠረም። እንደ ወረደ ደረቀና እንደ ጣውላ ጠነከረ። በኖራ ቀባው። ከሩቅ ላየው፣ በተለይ ዓይኑ ለደከመ ሰው፣ ነጭ ነው። የእኔ አናት ከሥሩ በስንዝር ያልፋል፤ ወጋየሁ አጭር ስለሆነ እሱም ያልፋል፤ ስለዚህ ለእሱ ችግር የለም። ረጅም ሰው ቢመጣስ ብዬ ስጨነቅ ሁለት ቀን አሰበበትና መፍትሔ አመጣ። ኮርኒሱን ከፍ ማድረግ አይደለም። መጋዙን አንሥቶ አራቱን ወንበሮች እግራቸውን አንድ አንድ ስንዝር ቆረጣቸው!

«አሁን ተቀምጠው ሲያዩት ከፍ ብሎ ይታያቸዋል» አለ። በጣም ኮርቷል። አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ገጠመ። «ይመቻል» አለ።

ዱቄቱን ያሸተቱ የመካኒሳ አይጦች ተጠራርተው መጡ። ከላይ ሙጫውን ሲቆረጥሙት ይሰማል። ድመቷ ተከተለቻቸው፤ እያስነጠሰች ወረደች። እኔ በዚህ ጊዜ ነው መጨነቅ የጀመርኩት። የጨነቀኝም ለድመቷ ብቻ አይደለም። ሙጫው እየተሰነጠቀ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ሲግል ያ በርበሬ እየደረቀ ከሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ላይ ቢበንንስ?

«ኤሌኒዬ፣ ቀኑ ሳይደርስ ይውረድ በይው። አንቺን ይሰማሻል» አልኳት።

«እማማ፣ እኔን ሰምቶኝ ያውቃል?» አለች። ልጅቷ ያን ሳምንት ከሥራ ስትመለስ የምታደርገው ነገር ቢኖር የቀን መቁጠሪያውን ማየት ነበር።

ወጋየሁ በበኩሉ ለሰፈሩ ሁሉ ወሬውን ነዝቷል። በጆንያ ሠራሁ አይልም። «ቺፑድ ነው። ከመሐል ከተማ ባለሙያ አስመጥቼ» ይላል። አድማጮቹ ቀና ብለው ስላላዩት ያምናሉ።

እሑድ ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ። የኅዳር ሚካኤል ቀን ምን እንደሚደረግ የአዲስ አበባ ልጅ ያውቃል፤ ሰው ሁሉ የቤቱን ቆሻሻ ጠርጎ ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ በሽታው በጭሱ ይሂድ ተብሎ ኅዳር ይታጠናል። ከማለዳው ጀምሮ መካኒሳ በጭስ ታፍናለች። ወጋየሁ ጭስ ኖራዬን ያጠቁርብኛል ብሎ መስኮቱን ሁሉ ጠረቀመ።

አራት ሰዓት ላይ መጡ። ሦስት ናቸው። ፊት አቶ ዲንሳ፤ ነጭ ጋቢ፣ ባርኔጣ፣ ከዘራ፤ ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ። ቀጥሎ አቶ ኑሪ፤ ባለሱቅ ናቸው፣ ከፈየራ አባት ጋር ወዳጅ የነበሩ፣ አንደበታቸው የጣፈጠ እስላም ሽማግሌ። መጨረሻ አቶ በንቲ የሚባሉ፣ ከአሜን በቀር ብዙ የማይናገሩ አዛውንት። ደንቡ ስለሆነ ኤሌኒ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆነች። ተናኘ ደጃፉ ላይ፣ እኔ ከግድግዳው ሥር መደቡ ላይ ተቀመጥን።

አቶ ዲንሳ ሦስት እርምጃ ገቡ፤ ባርኔጣቸው ኮርኒሱን ነካ። አወለቁት። አናታቸው ነካ። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘመም አደረጉ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!» አለ ወጋየሁ ወደ ቆራጣ ወንበሮቹ እየጠቆመ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ተቀመጡ!»

አቶ ኑሪ ፈገግ አሉ። «አቶ ወጋየሁ፣ ደንቡ ጠፍቶዎት ነው? እሺ ሳንባል አንቀመጥም።»

በዚህች ቅጽበት የወጋየሁን ፊት ማየት ነበር! ወንበር የቆረጠ፣ ቁመት የለካ፣ ሁሉን ያሰበ ሰው ይህችን ረስቷታል። ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል እንደሚቆም የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል። ባለፈው ጥቅምት በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ዓይኑ ፊት ቆመው አይቷቸዋል።

«ግድ የለም፣ ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል... ለመጨዋወት ያህል ብቻ...»

«እሺ ይበሉንና ወዲያው እንቀመጣለን» አሉ አቶ ዲንሳ፣ አንገታቸው እንደ ዘመመ።

አንድ ቃል ነው። እሺ ቢል ተቀምጠው ነበር፤ ኮርኒሱም ከአናታቸው በላይ በሰላም በቀረ ነበር። ነገር ግን የሴት ልጅ አባት ቶሎ እሺ ካለ ተሽቀዳደመ ይባላል ብሎ ለራሱ ወስኗል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሊያስለምን።

አቶ ኑሪ ንግግራቸውን ጀመሩ። ምን የመሰለ ንግግር ነው! የልጁን ጠባይ፣ የልጅቷን ጨዋነት፣ የሁለቱን መዋደድ እንደ ጥልፍ ሰፉት። «ልጃችን በወሩ መጨረሻ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ብቻውን አትስደዱብን» ብለው ጨረሱ። ተናኘ ዓይኗን ጠረገች። እኔም በልቤ፣ በል፣ በል እንጂ አንተ ሰውዬ፣ እላለሁ።

«እንግዲህ» አለ ወጋየሁ፤ «ልጅቷ ገና ናት። ዘመድም አለ፣ ምክርም አለ...»

አቶ ዲንሳ አልተቆጡም። ነገሩን ለማለስለስ ይመስለኛል፣ «እስቲ እንመርቅ፤ ምርቃት ልብ ያራራል» አሉና ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «ይህ ቤት...» ሲሉ የከዘራው ጫፍ ኮርኒሱን ሆዱ ላይ ወጋው።

ቀጭ አለ። ሙጫው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። መጀመሪያ የወረደው ነጭ ቅርፊት ነው። ቀጥሎ ቀይ ዱቄት፣ የላመ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ጉም።

«...ይህ ቤት...» አሉ አቶ ዲንሳ።

«አሜን» አሉ አቶ በንቲ፤ ቀጥለው አስነጠሱ። ጋቢያቸው እስኪወድቅ አስነጠሱ።

«ይማርዎ» አልኩ።

ሳልጨርሰው እኔም ጀመርኩ። አቶ ኑሪ ጀመሩ። ተናኘ «አቤት ዓይኔን!» ብላ በሩን ከፈተችው። ይባስ! ነፋሱ ገብቶ ኮርኒሱን እንደ ወንፊት ያርገፈግፈው ጀመር። ከላይ በርበሬ፣ ከደጅ የኅዳር ጭስ። ከላይ ያሉት አይጦች ደንብረው በጆንያው ላይ ከዳር ዳር ይሮጣሉ፤ በሮጡ ቁጥር ይወነፋል። ስድስት ሰው ቆመን ተቀምጠን እናለቅሳለን፤ አላፊ አግዳሚ ቢያየን ሰው የሞተብን ይመስለዋል።

አቶ ዲንሳ ትከሻቸው ላይ ካረፈው ዱቄት በጣታቸው አንሥተው በምላሳቸው ቀመሱ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ከዚያ ቀስ ብለው «በርበሬ ነው» አሉ።

ወደ ወጋየሁ ዞሩ።

«አቶ ወጋየሁ፣ ዛሬ ኅዳር ነው የሚታጠነው። በሽታ ነው የሚባረረው። እኛ ነን በሽታው?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ባለፈው ስንመጣ ስለ ልጁ እናት ወገን ጠየቁን። የሰው ዘር አይጠየቅም አላልኩም፤ ዋጥ አድርጌው ሄድኩ። ዛሬ ደግሞ መስኮት ዘግታችሁ በርበሬ አጠናችሁን። ሰይጣን እንዲለቀን ነው? ቡዳው እንዲጮህ ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ የኤሌኒ ትንፋሽ ቆመ፤ እምላለሁ፣ እዚያ ሆኜ ሰማሁት። ወጋየሁ አንድ ነገር ብቻ መናገር ነበረበት፦ ጆንያ ነው፣ የበርበሬ ጆንያ ነው፣ ለገንዘቤ ሳስቼ ራሴ ሰፋሁት። ተስቆበት ያልቅ ነበር።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ ወጋየሁ። «ኮርኒሱ ቺፑድ ነው። ባለሙያ ነው የሠራው። ይሄ... ይሄ ሐሚዳ ናት! ጎረቤታችን። በርበሬ ያለበት ቆሻሻ እያቃጠለች ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት።»

አቶ ኑሪ በመሐረባቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ቀና አሉ። «ሐሚዳ?»

«ሐሚዳ።»

«ሐሚዳ የወንድሜ ሚስት ናት። ትናንት ማታ እኛ ዘንድ አድራለች፤ አሁን ስወጣ ቁርስ እየበላች ነበር። ደጇንም ስናልፍ ዝግ ነው፤ ምንም አይጨስም።»

ወጋየሁ አፉን ከፈተ፤ በርበሬ ገባበት፤ ሳለ።

ልናገር ፈለግሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምላሴ ላይ ነበር። ግን አባቷን በአማቾች ፊት ውሸታም ባደርገው ውርደቱ ለማን ነው? ለእሷ አይደለም? «ልጅ የምንወስደው ከውሸታም ቤት ነው» ቢሉስ? ባልናገርስ? «አቶ ዲንሳ፣ ስድብ አይደለም፣ በሟቹ ባሌ አጥንት ስድብ አይደለም» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልዘለቀልኝም።

«እናቴ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አሉኝ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እንሂድ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ኤሌኒ ወጣች፤ እጇ ላይ የጓዳ ቢላዋ ይዛለች። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ወጣች። ኮርኒሱ ከፍ ወዳለበት ጥግ ወንበር ስባ ቆመችበት፤ ቆራጣ ነውና አላደረሳትም። ወረደችና ሁለተኛውን በላዩ ደረበችበት። ወጋየሁ «አንቺ! ምን ልትሆኚ ነው? ኮርኒሱን!» እያለ ሮጠ።

ያን የሰካራም ስፌት ከጫፉ አስገብታ እስከ መሐሉ ተረተረችው። አንድ ጊዜ ሳበችው። ሙጫ የጠጣ አሥራ አራት ጆንያ እንዳለ ወረደ፤ ከነሚስማሩ፣ ከነአይጥ ጎጆው፣ ከነበርበሬው ፍሬ። ሌላ ሰው ላይ አልወረደም፤ ከሥር ደርሶ እጁን የዘረጋው ወጋየሁ ላይ ነው የወረደው። ድመቷ ከመሐሉ ወጥታ እያስነጠሰች በደጁ አመለጠች።

አቶ ኑሪ ጎንበስ ብለው የጆንያውን ጫፍ ገለበጡት። ከኖራው በስተጀርባ ቀይ ነው፤ የበርበሬው ዛላ ሳይቀር በቃጫው ውስጥ ተሰክቷል።

«ወላሂ ጆንያ ነው!» አሉ። «ዲንሳ፣ ጆንያ ነው! በገንፎ የተለሰነ ጆንያ!»

ሳቃቸው አመለጣቸው። አቶ በንቲም ሳቁ፤ ጥርስ እንደሌላቸው ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ተናኘ ውኃና ወተት ይዛ መጣች፤ ሁሉም እየሳቀም እያለቀሰም ዓይኑን ታጠበ። አቶ ዲንሳ ጆንያውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ በመጨረሻ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እንግዲያው ስድብ አይደለም» አሉ። «ንፍገት ነው። ንፍገትስ እኛም ቤት አለ፤ ታናሽ ወንድሜን ታውቁት የለ?» ወደ ኤሌኒ አየት አደረጉ። ቢላዋውን እንደያዘች ቆማለች፤ ፀጉሯ በኖራ ነጥቷል። «ይህቺን ልጅ ለሌላ ሰው ትቼ አልሄድም። አቶ ወጋየሁ! ከዚያ ውስጥ ይውጡና እሺ ይበሉን። እግራችን ዝሏል።»

ልቤ ተመለሰ። አለቀ፣ ተዳረች፣ አልኩ።

ወጋየሁ ከጆንያው ሥር ወጣ። ግማሽ ፊቱ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ፣ ቅንድቡ ላይ የአይጥ ጎጆ ጭድ። አቶ ኑሪ እንዳያዩት ፊታቸውን አዞሩ፤ ያ ነው መሰለኝ ያበገነው።

«በዚህ ሁኔታ ስለ ጋብቻ አይወራም» አለ። «ቤቱ እንደምታዩት ነው። ኮርኒሱን ልጠግንና ከገና በኋላ ተመለሱ።»

«ከገና በኋላ ልጁ ባሌ ነው» አሉ አቶ ዲንሳ። ሳቁ ጠፍቷል።

«ከሆነ እንግዲህ የእሱ ጉዳይ ነው። የተሳቀበት አባት ልጅ አይሰጥም።»

«አንተ!» አልኩ። ሃያ አራት ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ በአንዲት ቃል ወጣ። «አንተ የክብሪት ስንጣሪ! ልጅህን በጆንያ ትለውጣለህ?»

አልሰማኝም። ተንበርክኮ ጆንያዎቹን እየለየ ነው። አንዱን ወደ ብርሃን ዘርግቶ አገላብጦ አየው፤ «ይህቺ እንኳ አልተቀደደችም» አለ ለራሱ፤ አጣጥፎ አስቀመጣት። ሌላዋን አነሣ።

ሽማግሌዎቹ አልተሳደቡም። እኔን ብቻ በእጃቸው ተሰናብተውኝ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ወጡ። አቶ ዲንሳ ደጁ ላይ ቆም ብለው ወደ ኋላ ተመለከቱ፤ ከዚያ በጭሱ ውስጥ ሄዱ።

ኤሌኒ አባቷን ታየው ነበር። የሚያጣጥፈውን ታየው ነበር፤ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን። ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እናቷ በያዘችው ውኃ ፊቷን ታጠበች፤ አልቸኮለችም። ከመሳቢያው የቀበሌ መታወቂያዋን አወጣች። ማዘጋጃ ቤት ያለ መታወቂያ እንደማያጋባ እኔም አውቃለሁ፤ ተናኘም ታውቃለች፤ ከደጃፉ ፈቀቅ አለችላት እንጂ አልከለከለቻትም። መከልከል ነበረብኝ? እሑድ ነው፣ ሁሉም ዝግ ነው፣ የት ታድራለች፣ ሰው ምን ይላል፤ ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ሲሮጥ ከመደቡ ተነሥቼ ያደረግሁት ነገር ቢኖር የእኔን ወፍራሙን ጋቢ ትከሻዋ ላይ መጣል ብቻ ነው።

«ወዴት ነው?» አለ ወጋየሁ ከጆንያው ቀና ብሎ።

ጋቢውን ደረቷ ላይ ሰበሰበችው፤ የወደቀውን ኮርኒስ ተራምዳ፣ ሽማግሌዎቹ በሄዱበት በኩል፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ወጣች።